እናቴን ከቢዝነስ ወደ ኢኮኖሚ አወረዱብኝ! ቼክ ኢን ላይ ቆመናል፣ ምን ልበላቸው?

ቤቲ_ሮማ፦
የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሮም፣ ፊውሚቺኖ ኤርፖርት ነን። ለእማዬ የቢዝነስ ክፍል ትኬት ነበር የገዛንላት። አሁን ቼክ ኢን ላይ ያለችው ልጅ አውሮፕላኑ ተቀይሯል፣ አዲሱ ላይ የቢዝነስ ወንበር ያንሳል ብላ የኢኮኖሚ ቦርዲንግ ፓስ ሰጠቻት። እሱም መሃል ወንበር! ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ከተደረገች ብዙ አልቆየችም፣ ቢዝነስ የገዛነውም ለዚሁ ብለን ነው። የ200 ዩሮ ቫውቸር ይዘው እዚህ ጋ ፈርሚ እያሉኝ ነው። ልፈርም? በኋላ ደግሞ ፈርመሻል እንዳይሉኝ ፈራሁ።

የቦሌ_ልጅ፦
እንዳትፈርሚ!!! 600 ዩሮ ጠይቂያቸው፣ የአውሮፓ ሕግ ነው።

አቡሽ_ዲሲ፦
ወዴት ነው የምትሄደው? ቀጥታ ነው ወይስ ትራንዚት አለው? አየር መንገዱስ የአውሮፓ ነው የሌላ አገር? ይሄን ሳትነግሪን ምን እንበልሽ።

ቤቲ_ሮማ፦
አዲስ አበባ ነዋ፣ ቀጥታ። የአውሮፓ አይደለም። ስሙን ተዉት፣ ገና መሳፈር አለባት።

ጋሽ_መንገደኛ፦
ልጄ፣ አትቆጪኝና ለስድስት ሰዓት በረራ ቢዝነስ መግዛት ራሱ ምን ይባላል? ማታ ተሳፍረው ጠዋት ቦሌ ናቸው። እኔ ስንት ዓመት ስመላለስ አንድ ቀን ከመጋረጃው ወዲያ አልተቀመጥኩም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይኸው ጤነኛ ነኝ። ዛሬ ወጣቱ ለእናቱ ክብር ማለት ውድ ትኬት መስሎታል። በዚያ ልዩነት እኮ አዲስ አበባ ላይ ስንት ወር የምትንከባከባቸው ሰው ይቀጠር ነበር። ምግቡም ቢሆን ያው በሳህን ስለቀረበ እንጂ ከኋላ ከሚሰጠው ብዙም አይለይም። እንቅልፍ እንደሆነ የደከመው ሰው የትም ይተኛል።

ማር_ነሽ፦
ጋሼ፣ እሷ ቼክ ኢን ላይ ቆማ ትጨነቃለች፣ እርስዎ በጀት ያወጡላታል ኪኪኪ። ደግሞ ከመጋረጃው ወዲያ ሳይቀመጡ ምግቡን በምን ቀመሱት?

ተጠራጣሪው፦
እኔ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። በርግጥ የቢዝነስ ትኬት ነው? ብዙ ሰው ኢኮኖሚ ይገዛና በጨረታ ወይም በማይል (በበረራ በሚጠራቀም ነጥብ) ወደ ቢዝነስ አፕግሬድ ያደርጋል፣ ከዚያ ሲወርድ ቢዝነስ ገዝቼ ነበር ይላል። እነዚህ ሁለቱ አይገናኙም። በጨረታ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠይቂው ለጨረታው የከፈልሽውን ነው። ትኬቱ ላይ ከበረራ ቁጥሩ አጠገብ አንድ ፊደል አለ፣ አንብቢው። ጄ፣ ሲ ወይም ዲ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቢዝነስ ነው። ዋይ ከሆነ ግን ኢኮኖሚ ነው የገዛችሁት።

ቤቲ_ሮማ፦
ዲ ይላል። ከላይም ቢዝነስ ተብሎ ተጽፏል። ደርሶ መልስ ነው፣ ከኤጀንሲ ነው የገዛነው። ኧረ ቶሎ በሉ ሰልፉ ከኋላዬ እየጮኸ ነው።

የቦሌ_ልጅ፦
600 ዩሮ በያቸው አልኩሽ እኮ። ለወንድሜ ከፍለውታል።

ጠበቃ_አይደለሁም፦
የትኬት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ይሄን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። አትፈርሚ። 600 ዩሮውንም ለጊዜው ተዪው። እሱ በረራ ሲሰረዝ፣ ሰው ሳይፈልግ ከበረራ ሲቀር ወይም 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲዘገይ ነው፣ ያውም ሁልጊዜ አይደለም። የእናትሽ ጉዳይ ክፍል ዝቅ መደረግ ነው፣ የራሱ አንቀጽ አለው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004፣ አንቀጽ 10 በያቸው። ቁጥሩን ስትጠሪ ወሬው ይቀየራል።

ደንቡ የሚለው እንዲህ ነው። ከገዛሽው ክፍል ዝቅ ካደረጉሽ፣ በረራው እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ከሆነ የዋጋው 30 በመቶ ይመለሳል። ከ1,500 እስከ 3,500 ከሆነ 50 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ሆኖ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚሄድ ከሆነ 75 በመቶ። ከሮም አዲስ አበባ ወደ 4,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የእናትሽ 75 ነው። አየር መንገዱ የአውሮፓ ባይሆንም ከአውሮፓ ኅብረት አገር እስከተነሳ ድረስ ይመለከተዋል። በ7 ቀን ውስጥ መክፈል አለባቸው፣ በገንዘብ። ቫውቸር የሚሆነው አንቺ ፈርመሽ ስትስማሚ ብቻ ነው፣ እነሱም ለዚህ ነው ፈርሚ የሚሉሽ።

ደርሶ መልስ ከሆነ ግን 75 በመቶው ከጠቅላላው ትኬት አይደለም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2016 እንደወሰነው ዝቅ ከተደረገችበት ከዚያ በረራ ዋጋ ብቻ ነው የሚሰላው፣ ታክሱም ሳይጨመር። ለምሳሌ የመሄጃው ድርሻ 1,000 ዩሮ ቢሆን 750 ይመለስላችኋል። 200ውን ከዚህ ጋር አስተያዪው።

አቡሽ_ዲሲ፦
እዚህ አሜሪካ ግን እንዲህ መቶኛ የለም። በ2024 በወጣው ደንብ ዝቅ ካደረጉህ አልሄድም ብለህ ሙሉ ገንዘብህን መውሰድ ትችላለህ፣ ከሄድክ ደግሞ የዋጋውን ልዩነት ነው የሚመልሱልህ። አውሮፓዎቹ በዚህስ ይሻላሉ።

ተጠራጣሪው፦
75 በመቶ ተብሎ ቼክ ኢን ላይ የሚቆጠር ገንዘብ የለም፣ ልጅቷን አታሞኟት። እዚያ የቆመችው ሠራተኛ መክፈል ቀርቶ ወንበር መቀየር የምትችለው ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ የአየር መንገዱ ተቀጣሪም አይደለችም፣ የኤርፖርት አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ሠራተኛ ናት።

ጠበቃ_አይደለሁም፦
ልክ ነው፣ አሁን ገንዘብ አትጠብቂ። አሁን ማግኘት ያለብሽ ወረቀት ነው። ክፍሉ ዝቅ እንደተደረገ በጽሑፍ ስጡኝ በያት። እምቢ ካለች የድሮውን ትኬትና የአሁኑን ቦርዲንግ ፓስ ጎን ለጎን አድርገሽ ፎቶ አንሺ። ኢኮኖሚ ብትሳፈርም መብቷ አይጠፋም፣ አንቀጹ የተጻፈው ዝቅ ብሎ ለሄደ ሰው ነው። በኋላ ለአየር መንገዱ ትጽፊያለሽ፣ ዝም ካሉ ኤናክ የሚባለው የጣሊያን ሲቪል አቪዬሽን ጋር ትከሺያለሽ። ኤጀንሲው የሚከፍል አይደለም፣ እሱ ጋ አትመላለሺ።

ሲስተር_ወለላ፦
ገንዘቡን ተዉትና ስለ እግሯ አውሩ! ቤቲዬ፣ ሐኪሟ መብረር ትችላለች ብሏል? ጉልበት የተሠራ ሰው ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ ሲሄድ እግር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋው ይጨምራል። መሃል ወንበር ላይ ደግሞ መነሳት ያስቸግራታል። ደብዳቤ ካላት አውጪና ሱፐርቫይዘሩን አስጠሪ። ለልጅቷ አታሳዪ፣ ለሱፐርቫይዘሩ።

ቤቲ_ሮማ፦
ደብዳቤ አላት። እግሯን ዘርግታ እንድትሄድ ይላል። አስጠራሁት፣ እየመጣ ነው አሉኝ።

ማር_ነሽ፦
ካልሆነ ኤግዚት በሩ ጋ ያለውን ወንበር ጠይቂ፣ እዚያ እግር እንደልብ ነው። እኔ ሁሌ እሱን ነው የምይዘው።

ሲስተር_ወለላ፦
አይሆንም እናቴ፣ አደጋ ሲመጣ በሩን መክፈት የሚችል ሰው ነው እዚያ የሚቀመጠው። ጉልበቷን የታመመች ሴት አያስቀምጡም። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ኮሪደር በኩል ያለውን ነው የምትጠይቂው። እሱ እንኳ ባይገኝ ኮሪደር ይሁን፣ የታመመው እግሯ በኮሪደሩ በኩል እንዲሆን አድርገሽ። ዊልቼርም አስመዝግቢ። 48 ሰዓት ቀድሞ ቢነገር ነበር ደስ የሚለው፣ አሁንም ግን ይሰጣሉ፣ ክፍያ የለውም። ውኃ ትጠጣ፣ በየጊዜው ትነሳ፣ ቁጭ ስትልም ቁርጭምጭሚቷን ታንቀሳቅስ። እግር ጠበቅ የሚያደርገውን ካልሲ ሐኪሙ አዞላት ከሆነ ሳትሳፈር ታድርገው።

ክንፍ_787፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚረሳ ነገር ነው። አውሮፕላኑ የተቀየረው ከቦይንግ 787 ወደ አነስተኛው 737 ከሆነ፣ ቢዝነስ ቢመልሱላት እንኳ አብዛኞቹ 737 ላይ ያለው የቢዝነስ ወንበር ወደ ኋላ የሚጋደም ብቻ ነው እንጂ ጠፍጣፋ አልጋ አይሆንም። መካከለኛ ርቀት ላይ ይሄ በጣም ያጋጥማል፣ ሰው ስሙን ያያል እንጂ አውሮፕላኑን አያይም። ስለዚህ ነገ የሚሄደው ምን ዓይነት አውሮፕላን እንደሆነ ጠይቂ። ነገ 787 ከሆነና ቢዝነስ ካለ፣ ሆቴል ሰጥተዋት ነገ ብትሄድ ለእግሯ ይሻላል። በፈቃዳችሁ አደራችሁ እንዳይባል ግን ይሄም በጽሑፍ ይሁን።

ጋሽ_መንገደኛ፦
እኔ የእግራቸውን ነገር አላየሁም ነበር። እንዲያ ከሆነ ሌላ ነው። አሁንም ግን ለጤነኛ ሰው ስድስት ሰዓት ቢዝነስ ብክነት ነው፣ እሱን አልለቅም።

ተጠራጣሪው፦
ቢዝነስ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል በፈቃዱ የሚወርድ ሰው ይፈለግ በያቸው። አየር መንገዱ የራሱን ሠራተኞች ቢዝነስ አስቀምጦ የከፈለ ሰው የሚያወርድበት ጊዜም አለ። በነፃ የሚሄድ ሠራተኛ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ሲጨንቃቸው ታያለሽ።

ማር_ነሽ፦
አየህ፣ ስትፈልግ ጥሩ ነገር ትናገራለህ።

ጠበቃ_አይደለሁም፦
ሻንጣውን ደግሞ እንዳትረሺ። በቢዝነስ የተፈቀደላት ኪሎ በኢኮኖሚ ሒሳብ እንዳይቀነስባት፣ ትርፍ ኪሎ ክፈሉ ካሉሽ ትኬቱን አሳዪያቸው። ላውንጁንም (የቢዝነስ መንገደኞች ማረፊያውን) ጠይቂ፣ ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ፣ ቢያንስ እዚያ እግሯን ዘርግታ ትጠብቃለች።

ቤቲ_ሮማ፦
ሱፐርቫይዘሩ መጣ። ደብዳቤውን እያነበበ ነው። ቫውቸሩን መልሼ ሰጠኋቸው። አንቀጽ 10 ስለው ቀና ብሎ አየኝ። ቆዩ።

የቦሌ_ልጅ፦
600ውንም ጨምረሽ በይው፣ ምን ታጫለሽ።

ማር_ነሽ፦
አቦ አንተና 600ህ!

አቡሽ_ዲሲ፦
ቤቲ? ምን ሆነ?

ሲስተር_ወለላ፦
ዊልቼሩ ተገኘ ወይ? ቢያንስ እሱን ንገሪን።

መንደሪን፦
ጤና ይስጥልኝ፣ ዘግይቼ ነው። እኔም ለአባቴ በሚቀጥለው ወር ደርሶ መልስ ቢዝነስ ልገዛለት ነው፣ ከሚላኖ። ሲመለስ ከቦሌ ተነስቶ እንዲሁ ቢያወርዱትስ ያው 75 በመቶ ነው?

ጠበቃ_አይደለሁም፦
ከቦሌ ተነስቶ ወደ አውሮፓ ሲመጣ የሚሠራው አየር መንገዱ የአውሮፓ ኅብረት ሲሆን ብቻ ነው። ካልሆነ ደንቡ አይነካውም፣ በአየር መንገዱ የራሱ ውል ነው የምትከራከሩት። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ኤጀንሲውን ክፍል ዝቅ ቢደረግ ምን እንደሚመልሱ ጠይቀውና መልሱን በኢሜይል ላክልኝ በለው። በስልክ የነገሩህ አይጠቅምህም።