ለንደን ያለው ቤታችን ሊዙ እያለቀ ነው፤ አሁን ላራዝም ወይስ አዲሱን ሕግ ልጠብቅ?

ሰላም ወገኖች። እንግሊዝ ውስጥ የፍላት ሊዝ (አፓርታማውን ለተወሰነ ዓመት የመያዝ መብት) ያራዘማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ደቡብ ለንደን ያለው ፍላታችን ሊዝ 80 ዓመት ከ7 ወር ቀርቶታል። ከ80 በታች ከወረደ በማራዘሚያው ዋጋ ላይ ማሬጅ ቫልዩ የሚሉት ይጨመራል፤ ሊዙ ሲራዘም ቤቱ ከሚያገኘው ተጨማሪ ዋጋ ግማሹ ለመሬቱ ባለቤት ይሄዳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሕግ ይህን ያስቀራል፣ ማራዘሚያውንም 990 ዓመት ያደርገዋል፤ ግን እነዚህ ድንጋጌዎች ገና ሥራ ላይ አልዋሉም። ባለቤቴ «እንጠብቅ» ይላል። እኔ ግን ሕጉ ሳይደርስልን 80ው እንዳያልፍ እሰጋለሁ።

በዚህ መሐል ከመሬቱ ባለቤት ደብዳቤ መጣ። በስምምነት እንጨርስ፣ ሊዙን ወደ 99 ዓመት እንሙላላችሁ ይላል። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ታች በደቃቅ ጽሑፍ ግን በዓመት የምንከፍለው 250 ፓውንድ የመሬት ኪራይ ነባሩ ሊዝ እስኪያልቅ እንደሚቀጥል ተጽፏል። ሊዝ የማራዘም መብት በሚሰጠን በ1993ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ ብንሄድ እኮ 90 ዓመት ተጨምሮልን ኪራዩም ይቀራል! ርካሽ መስሎ የሚያስከፍል ነገር ሆኖ ታየኝ።

የሴክሽን 42 ማስታወቂያ (በዚያው ሕግ ሊዙ እንዲራዘም ለመሬቱ ባለቤት የሚቀርብ የጽሑፍ ጥያቄ) ከሰጠን ዋጋው የሚሰላው በዚያው ቀን ባለው ሁኔታ እንደሆነ አውቃለሁ። የሚያስፈራኝ ወጪው ነው፤ የመሬቱ ባለቤት ጠበቃና የቤት ዋጋ ገማች ወጪንም የምንከፍለው እኛ ነን፣ ሐሳባችንን ቀይረን ብንተወው ደግሞ ለ12 ወር ዳግም መጠየቅ አንችልም።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ ጠቅላላ ወጪው ምን ያህል ደረሰ? የመጀመሪያውን ዋጋ ስታቀርቡ ምን ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ጀመራችሁ? የምታምኑት ገማች ካለም ጠቁሙኝ።