መመሪያ ስፈልግ ሱቅ ብቻ ይመጣብኛል

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ያረጀ ፕሪንተር አለኝ፤ የስህተት ኮድ እያሳየ ቀጥ ብሏል። ጎግል ላይ «ፕሪንተሬ ለምን አይሠራም፣ እንዴት ላስተካክለው» ብዬ ስጽፍ አዲስ ሊሸጡልኝ የሚሯሯጡ ገጾች ብቻ ይመጣሉ። እናንተ እንዴት ነው የምትፈልጉት?

ጠጋኙ፦ እህቴ፣ እንደ ሰው አትጠይቂው። መልሱ ያለበት ገጽ ላይ ምን ተጽፎ ይሆን ብለሽ አስቢ። መመሪያ የሚያዘጋጅ ሰው «ለምን አይሠራም» አይልም፤ የሞዴሉን ስምና ኮዱን ነው የሚጽፈው። አንቺም እነሱን ብቻ ጻፊ። ኮዱን በዚህ ምልክት " " ውስጥ አስገቢው፤ አለዚያ የሚመሳሰለውን ሁሉ ያግበሰብስልሻል።

ቀጥሎ ፋይልታይፕ የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊና ሁለት ነጥብ (:) አድርገሽ ፒዲኤፍ በይ፤ እንዲህ፦ filetype:pdf ከነጥቡ በኋላ ክፍት ቦታ እንዳትተዪ! መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ ፒዲኤፍ ስለሆነ ሱቆቹ ገለል ይሉልሻል። የማትፈልጊውን ቃል በመቀነስ ምልክት ማስወጣትም ይቻላል፤ እኔ ግን እምብዛም አልወደውም፤ ደህናው ገጽም አብሮ ይጠፋል።

ቸኳዩ፦ ምን አደከማችሁ፣ ኤአይ ጠይቁና ተገላገሉ።

ጠጋኙ፦ ኮድ ላይ አላምነውም፤ ያላወቀውንም በልበ ሙሉነት ይተረጉምልሃል። የዕቃው ክፍል ስሙ ሲጠፋኝ ግን እጠይቀዋለሁ። ስሙን ይዤ ወደ ፍለጋው እመለሳለሁ።

አንባቢ፦ በአማርኛ ስትፈልጉ የጥቅስ ምልክቱን (" ") ተጠንቀቁ። «ፀሐይ» ብላችሁ በጥቅስ ከፈለጋችሁ «ጸሀይ» ብሎ የጻፈው ሊያመልጣችሁ ይችላል። ሁለቱንም ሞክሩ። ገጹ ከጠፋ ደግሞ አድራሻውን ዌይባክ ማሽን (የድሮ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጥ ድረ ገጽ) ላይ አስገቡት። ጎግል ያስቀመጠውን ቅጂ የሚያሳየው ሊንክ እ.ኤ.አ. በ2024 ተነሥቷል።

ጠያቂዋ፦ ጠጋኙ፣ እጅህ ይባረክ! መመሪያው ወጣ። ግን ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ኮዱን ኮንትሮል ኤፍ ብዬ ስፈልገው የለም ይለኛል።

ጠጋኙ፦ በማውሱ አንድ ቃል ለመምረጥ ሞክሪ። አልመረጥ ካለሽ ስካን የተደረገ ምስል ነው፤ ፊደሉን ኮምፒውተሩ አያነበውም። ማውጫው ላይ «ችግርና መፍትሔ» የሚል ምዕራፍ ፈልጊ፤ ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻው ነው።