ከናይሮቢ ሞምባሳ በምን ልሂድ? ግራ ገብቶኛል

ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ? የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ሞምባሳ ያለችው የአክስቴ ልጅ ልታገባ ነው፤ እናትየዋን ይዤ እንድሄድ እኔ ታዝዣለሁ። እስከ ናይሮቢ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጠናል። ጭንቄ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

አውቶቡስ ርካሽ ነው ይሉኛል። ግን መንገዱ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አክስቴ ደግሞ ዘጌን ለመሳለም በጀልባ ስንሄድ እንኳ፣ ገና ከወደቡ ሳንርቅ ነጠላዋን ተከናንባ ሎሚ ማሽተት የምትጀምር ሴት ናት።

ልቤ ያለው ባቡሩ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው። ፈጣኑ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የጠዋቱ በየጣቢያው እየቆመ ነው የሚሄደው፤ ግን በጻቮ ፓርክ በቀን ስለሚያልፍ ዝሆን ይታያል አሉ። ችግሩ ጣቢያዎቹ ከከተማ ውጭ ናቸው፤ ናይሮቢ ላይ ስዮኪማው፣ ሞምባሳ ላይ ሚሪቲኒ። እዚህ ቢሆን ባጃጅ ጠርቼ እገላገል ነበር። ከሚሪቲኒ መሃል ከተማ በማታቱ (በኬንያ ሚኒባስ) ከነሻንጣው ይቻላል? ወይስ ታክሲ ይሻላል? ቲኬቱንስ በኤም-ፔሳ ነው የሚከፍሉት አሉ፤ የኬንያ ሲም የሌለው ሰው ምን ያደርጋል?

ደግሞ ጣቢያው ላይ ሻንጣ በውሻ ያስነፈንፋሉ። አክስቴ 5 ኪሎ በርበሬ ቋጥራለች፣ ተይ ብላት አልሰማ አለች። ሳቁብኝ፣ ግን ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ። የምንነሳው የፊታችን ሐሙስ ነው።