«ሕዝቡ እንዲገባው ነው»፦ የፋንታሲ ፊልም ትርጉምና «የጎጃም ደብተራ»

ጮቄ፦
ሰሞኑን በየስልኩ የሚዞረውን የፋንታሲ ትርጉም ፊልም ያላየ የለም። ነጭ ጢሙን አንዠርግጎ በትር የያዘው ሽማግሌ ገና ብቅ ሲል ተራኪው «ይሄ የጎጃም ደብተራ ነው፣ ይሰወርባችኋል» ብሎ አስተዋወቀው። እስከ መጨረሻውም ሌላ ስም አልሰጠውም። ለምን ሲባል መልሱ «ሕዝቡ እንዲገባው ነው» ሆነ። የትኛው ሕዝብ? ደብተራ ማለት ዜማ የጠነቀቀ፣ አቋቋም የሚያውቅ፣ ቅኔ የሚቀኝ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። እንደ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ጊዮርጊስ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ያሉበት አገር ስሙ ሲነሣ ድግምት ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ስድብ ነው። ያ ድምፅ ተነሥቶ በሌላ መቀዳት አለበት።

ባለፍላሽ፦
ወንድሜ ጮቄ፣ ስድብ የለበትም። ትርጉም ፊልም የሚያየው እንግሊዝኛ የማይሰማ፣ ጽሑፍም እየተከተለ ማንበብ የማይችል ሰው ነው። አንድ የሁለት ሰዓት ፊልም ከሺህ መስመር በላይ ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል፤ ያን ሁሉ እናቶቻችን ያንብቡ? ተራኪው በአንድ ቃል ገጸ ባሕርዩን አስያዛቸው። ሕዝቡ እንዲገባው ነው፣ አለቀ።

ፊልም ቆራጭ፦
አላለቀም። «እንዲገባው» የምትለዋን እንያት። እንዲገባው ከሆነ ውጊያው ላይ ለምን ያወራል? ውጊያ ያለ ቋንቋ የሚገባ ነገር ነው። የሰይፉ ፉጨት፣ የጋሻው ድምፅ፣ ከምቱ በፊት ያለችው ዝምታ፣ ሁሉም ተለክቶ የተቀመጠ ነው። ማስረዳት የሚያስፈልገው የንጉሡ ምክር ቤት ሲሰበሰብ፣ ማን የማን ወራሽ እንደሆነ ሲነገር ነው፤ እዚያ ላይ ግን ተራኪው ጸጥ ይላል።
አሠራሩም ይታወቃል። በ5.1 ድምፅ፣ ማለት በስድስት መስመር በተከፈለው፣ ንግግሩ በአብዛኛው ያለው በመሐለኛው መስመር ነው። መሐሉን ብቻ ዝቅ አድርጎ ተራኪውን እዚያ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ሙዚቃውና የሰይፉ ድምፅ በአብዛኛው በሌሎቹ መስመሮች ይቀራሉ። የወረደው ፋይል ባለሁለት መስመር ከሆነ መለየቱ ከባድ ነው፤ ያኔ ተራኪው ሲናገር ብቻ ዋናውን ድምፅ 12 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ዝቅ አድርጎ፣ ዝም ሲል ወዲያው መመለስ ነው። ተርጓሚዎቹ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው ይተዉታል።

እማዋይ፦
ውጊያው የተከበረ ሆኖ ነው ተራኪው የነካው? የዛሬ አክሽን እኮ በየሰከንዱ ይቆረጣል። ተዋናዩ ሰይፍ መያዝ ስላልተማረ እጁን ለብቻ፣ ፊቱን ለብቻ፣ የወደቀውን ሰው ለብቻ ያሳዩናል። ካሜራው ራቅ ብሎ ሁለቱን ሰዎች ከእግር እስከ ራስ ቢያሳይ ጉዱ ይወጣል። በኮምፒውተር የሚሠራው ደግሞ ክብደት የለውም፦ ከግንብ ላይ ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱ አይታጠፍም፣ አቧራ አይነሣም። እንዲህ ያለውን ተራኪው ቢያወራበት አይቆጨኝም። በደንብ የተሠራውን ግን አይንካብኝ።

ዳሞት፦
ክብደቱንስ በምን አየሽው እታለም? 4 ጊጋባይት የነበረውን ፊልም 700 ሜጋባይት አድርገው ነው የሚሸጡልን። በሁለት ሰዓት ፊልም ይህ ከነድምፁ በሰከንድ 780 ኪሎቢት ገደማ ነው፤ ዋናው 4,400 አካባቢ ነበር። መጀመሪያ የሚሞተው ጨለማውና ጭሱ ነው። የሌሊቱ ጦርነት ጥቁር አራት ማዕዘን ብቻ ይሆናል።

ባለፍላሽ፦
8 ጊጋ ፍላሽ ይዞ መጥቶ «አሥር ፊልም ጫንልኝ» የሚል ሰው ባለበት ሌላ ምን ይደረግ?

ፊልም ቆራጭ፦
ትርጉሙም ከምስሉ ይለያያል። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በሚሄድ ቅጂ ላይ የተቀዳ ትረካ 24 ፍሬም ባለው ላይ ሲለጠፍ፣ በሁለት ሰዓት ፊልም መጨረሻ ላይ ወደ አምስት ደቂቃ ያህል ይቀድማል። ንጉሡ ገና በዙፋኑ ተቀምጦ ሳለ «ሞተ» ይባላል። ፍጥነቱን በ24 እና በ25 ልክ ማስተካከል የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው። ይህን ያልሠራ ሰው ሕዝቡ እንዲገባው አስቤአለሁ ማለት አይችልም።

የዋሸራ ተማሪ፦
ወደ ቃሉ እንመለስ። እንግሊዞች ያን ሽማግሌ የሚጠሩበት ቃል የመጣው «ጥበበኛ» ከሚለው ቃላቸው ነው። እኛም ጠቢብ የሚል አለን። ማቴዎስ ምዕራፍ 2 ላይ ከምሥራቅ የመጡትን «ሰብአ ሰገል» ብለን የተረጎምን ሰዎች ነን፣ ቃል አልቸገረንም። «ደራጎን» የሚለውም በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ሥር ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ተራኪው ግን ክንፍ ያለውን እሳት ተፊ «እባብ» አለው!

ዳሞት፦
«ዘንዶ» ቢለው ይበቃ ነበር።

የዋሸራ ተማሪ፦
ዘንዶ በደረቱ የሚሳብ ነው፤ አይበርም።

ዳሞት፦
ራእይ 12 ላይ ሰባት ራስና አሥር ቀንድ ያለው «ታላቅ ቀይ ዘንዶ» በሰማይ ነው የታየው። መጽሐፍ ከፈቀደ አንተ ምን ቤት ነህ?

ጮቄ፦
ዘንዶውን ተዉት፤ ስለ ደብተራው ነው የተነሣነው።

ባለፍላሽ፦
እሺ ስለ ደብተራው። ክታብ የሚጽፍ ደብተራ የለም ልትሉ ነው? መርበብተ ሰሎሞን የሚባለውን የአስማት ጸሎት ማን ጻፈው? አስማቱን ማን ደገመው? ተራኪው ከባዶ አላመጣውም።

የዋሸራ ተማሪ፦
የጻፈ አለ፣ አልክድም። ግን ክታብ በትግራይም፣ በጎንደርም፣ በሸዋም ተጽፏል፤ ለምን ጎጃም ብቻ ተጠራ? ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው ሁለት ስንኝ ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ስንኝ እስካለው መወድስ በየዕለቱ ቅኔ እየቆጠረ፣ ለመምህሩ እየነገረ፣ እየታረመ ነው የሚወጣው። ከዚህ ሁሉ አንዱም ሳይነሣ «ይሰወርባችኋል» ብቻ ከተባለ፣ ሕዝቡ የገባው ምኑ ነው? የተሳሳተው ነው የገባው።

እማዋይ፦
እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ወታደሩ ንጉሡን «አንተ» ይለዋል! እንግሊዝኛው አንተንና እርስዎን አይለይም፤ አማርኛ ግን ይለያል። «ጃንሆይ» የሚል ቃል ያለው ሰው በዙፋን ፊት «ስማ አንተ» ብሎ ሲተርክ ክብሩ ሁሉ ይፈርሳል። በኋላ ወታደሩ ሲከዳ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ቢለወጥ ኖሮ ክዳቱ በአንዲት ቃል ይሰማ ነበር።

ፊልም ቆራጭ፦
ይህ ዋና ነጥብ ነው። ለሚያነበውም የአማርኛ ጽሑፍ ይሠራለት፤ ከሁለት መስመር ሳይበልጥ፣ ቢያንስ አንድ ሰከንድ የሚቆይ። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደል የሚያስቀምጥበት ስልት ነው) ካልተቀመጠ ፊደሉ ሊበላሽ ይችላል። ብዙ አሮጌ ቴሌቪዥን ደግሞ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ሳጥን ሳጥን ያሳያል፤ ለዚያ ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አብሮ ማተም ነው።

ባለፍላሽ፦
ማን ይከፍልበታል? ደግሞም «ጠቢቡ» ብትሉት ሕዝቡ ሰሎሞንን ነው የሚያስበው።

የዋሸራ ተማሪ፦
መርበብተ ሰሎሞንን ያመጣኸው አንተ ነህ፤ ሰሎሞንን ቢያስብ ምን ከፋ?

ባለፍላሽ፦
ሰሎሞን ዘንዶ አልጋለበም።

ዳሞት፦
ደራጎን በል፣ እሱ እንዳይቆጣ።

ጮቄ፦
ጋላቢውስ ማን ተባለ? «የጎጃም ደብተራ»። ይህ ስም እስኪወጣ ድረስ ያን ፊልም በፍላሽ ባትጭን እንወዳለን።

ባለፍላሽ፦
የጠየቀኝን ሰው አልመልስም።