የስኮትላንዱ ራንሪግ ባሕር ዳር ላይ ልባችንን ለምን እንዲህ ገዛው?

የጣና ዳር አድማጭ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ፣ አብዛኞቻችን ፔዳ ግቢ አብረን የተማርን፣ ራንሪግ የተባለውን የስኮትላንድ ባንድ ከወደድን ሰነባብተናል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ተሰባስበን ጌሊክ በተባለው የስኮትላንድ ነባር ቋንቋ የተዘፈኑ ዘፈኖቹን ስናደምጥ ከግጥሙ አንዲት ቃል እንኳ አይገባንም፤ ዜማው ግን ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ያህል ይቀርበናል። በቅርቡ ደግሞ ክራር የሚጫወተው ጓደኛችን፣ ክራሩ በትዝታ ሜጀር እንደተቃኘ፣ ክሮቹን በሙሉ ጥቂት ከፍ አደረገና ከስልኩ የሚወጣውን ዘፈን መከተል ጀመረ፤ ሳይደናቀፍም እስከ አዝማቹ ድረስ ዘለቀ። አጠገባችን ቡና ይጠጡ የነበሩ እናት «ይኼ የየት አገር ትዝታ ነው?» ብለው ጠየቁን።

ስለዚህ የሙዚቃ ዕውቀት ያላችሁን ልጠይቃችሁ፦ ይህ መመሳሰል እውነተኛ ነው ወይስ ስለወደድነው ብቻ ነው የታየን? ባንዱን ሰምተው ለማያውቁ ወዳጆቻችን ከየትኛው አልበም ብናስጀምራቸው ይሻላል? በክራርና በማሲንቆ አጅበን ብንጫወተውስ ያምራል ትላላችሁ?

ማሲንቆና ጊታር

የተከበሩ ጠያቂ፣ የሰማችሁት እውነተኛ መመሳሰል ነው። ከድሮዎቹ የስኮትላንድ ዜማዎች ብዙዎቹ በአምስት ድምፆች ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለን ስንደረድራቸው እኛ ትዝታ ሜጀር ከምንለው ቅኝት ጋር አንድ ይሆናሉ። ጓደኛዎ ክሮቹን በሙሉ ከፍ ያደረገው ዘፈኑ የተዘፈነበት መነሻ ድምፅ ከክራሩ ስለሚለይ ነው እንጂ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አልተለወጠም። በምቱም በኩል፣ ጂግ የሚባለው የጭፈራ ስልታቸው በስድስት ስምንተኛ ይሄዳል፤ የእኛ ችክችካም እንዲሁ ሦስት ሦስት እየሆነ የሚከፈል ምት ስለሆነ፣ ትከሻችን ማንም ሳያስተምረው ይቀበለዋል። ይህን ስል ሁለቱ ሕዝቦች ዜማ ተወራርሰዋል ማለቴ አይደለም፤ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት እርስ በርስ ተገናኝተው በማያውቁ ብዙ አገሮች ይገኛል።

ልዩነቱም ቢሆን ሊታወቅ ይገባል፤ በተለይ አብራችሁ ለመጫወት ካሰባችሁ። አዝማሪ ቤት ውስጥ ማሲንቆው የዘፋኙን ድምፅ እየተከተለ ያንኑ ዜማ ያስጌጠዋል እንጂ ከሥሩ ኮርድ (በአንድ ጊዜ አብረው የሚሰሙ ድምፆች) አያነጥፍለትም። ራንሪጎች ግን ያንን የድሮ ዜማ ወስደው በጊታርና በኪቦርድ ኮርድ ላይ ያሳርፉታል፤ ኮርዶቹም በክራሩ ላይ የሌሉትን ፋንና ሲን ይዘው ይመጣሉ። ክራሩ ኮርዱን ልከተል ካለ ዜማው ይበላሻል። ስለዚህ ኮርዱን ለጊታር ትታችሁ ክራሩ የዘፋኙን መስመር ብቻ ይያዝ፤ ማሲንቆው ደግሞ በስንኞቹ መካከል ይመልስ። በበኩሌ እጅግ የምወዳቸው ዘፋኙ ብቻውን ጀምሮ ከበሮው ዘግይቶ የሚገባባቸውን ዝግተኛ የጌሊክ ዘፈኖች ነው፤ ለማሲንቆ ቦታ የሚተዉትም እነሱ ናቸው።

የደጋ ሰው

በአልበሞቹ ላይ እኔ ልመልስ፤ ይህን ባንድ ከልቤ ስለምወደው ትንሽ ባረዝም ይቅር በሉኝ።

ራንሪግ በ1973 እ.ኤ.አ. ከስካይ ደሴት የተነሣ ባንድ ነው። ሮሪና ካለም ማክዶናልድ የተባሉ ወንድማማቾች ከብሌር ዳግላስ ጋር ሆነው ነው የመሠረቱት፤ ዘፈኖቹንም በአብዛኛው የጻፉት ወንድማማቾቹ ናቸው። አጀማመራቸው ሰው በየአዳራሹ የሚጨፍርበት የጭፈራ ባንድ ሆነው ነበር። በ1978 ያወጡት የመጀመሪያ አልበም ሙሉ በሙሉ በጌሊክ የተዘፈነ ነው። በ2011 በተደረገው ቆጠራ በስኮትላንድ ቋንቋውን የሚናገረው ሰው ወደ 57,000 ብቻ እንደነበር ስናስብ፣ በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም ታጅበው በዚያ ቋንቋ መዝፈናቸው ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ ይገባናል። በ1995 ከጌሊክ ዘፈኖቻቸው አንዱ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ውስጥ ገብቷል።

የአድናቂዎቻቸው ፍቅር ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነው። በ1991 በሎሞንድ ሐይቅ ዳርቻ ባቀረቡት ኮንሰርት ከ40,000 በላይ ሕዝብ ተገኝቷል። ስለዚያው ሐይቅ የሚዘፈነውን የሕዝብ ዘፈን በኮንሰርታቸው መጨረሻ ሲጀምሩት ሕዝቡ ተቀብሎ ይዘፍነዋል። ድምፃዊው ዶኒ መንሮ በ1997 ወደ ፖለቲካ ሲገባ ብዙዎች ባንዱ አበቃለት ብለው ነበር፤ ነገር ግን ከካናዳ ኬፕ ብሬተን የመጣው ብሩስ ጉትሮ ተተክቶ ሃያ ዓመት ያህል ዘፈነ። በዴንማርክና በጀርመን ሳይቀር ብዙ ታማኝ አድማጭ ነበራቸው። በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. በስተርሊንግ ግንብ ሥር ለሁለት ምሽት ተጫውተው ተሰናበቱ። ጉትሮ በ2023 ዐረፈ፤ የእሱን ድምፅ ለወደድን ሁሉ ከባድ ሐዘን ነበር።

ለአዲስ አድማጭ የምመክረው በ1988 የወጣውን «ዋንስ ኢን ኤ ላይፍታይም» ነው። በመድረክ የተቀዳ በመሆኑ የሕዝቡ ድምፅ አብሮ ይሰማል፤ አድናቂዎቹ ለምን እንደዚያ እንደሚሆኑም ያኔ ይገባችኋል። ቀጥሎ የ1987ቱን «ዘ ከተር ኤንድ ዘ ክላን» ስሙ። የ1978ቱን ወደ ኋላ አቆዩት፤ ጸጥ ያለና ጊታሩ ያልጎላበት ስለሆነ ጆሮ ከለመደ በኋላ ነው ጣዕሙ የሚገለጠው።

ዘጌ

ስለ ቅኝቱ የተባለውን አከብራለሁ፤ የእኔ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ትዝታ የሚመስል ዜማ በብዙ አገር አለ፤ ሁሉም ግን እንዲህ አይዘውም ሰውን። እኔን የያዘኝ የአባቶቻቸውን ቋንቋ ሳያፍሩበት፣ ሳያሳንሱትም፣ በዘመኑ መሣሪያ ማዜማቸው ነው። እኛም ማህሙድ አህመድን በአይቤክስ ባንድ ታጅቦ ስንሰማ የምናገኘው ይህንኑ ኩራት ይመስለኛል። የዛሬ ወጣት ባንዶቻችን ማሲንቆን ለመግቢያ ብቻ ጠርተው ከሚመልሱት፣ የራንሪግን አሠራር ቢያጠኑ እወዳለሁ።

የጣና ዳር አድማጭ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የወንድማችን የዘጌ ሐሳብ ለክራር ተጫዋቹ ጓደኛችን በጣም ተስማምቶታል፤ እኔ ግን የእናትየዋን ጥያቄ ሳስታውስ የቅኝቱ ነገር አሁንም ያመዝንብኛል። በመጪው እሑድ የ1988ቱን አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እናደምጣለን፤ ከዚያም ማሲንቆና ጊታር በመከሩን መሠረት አንድ ዝግተኛ ዘፈን መርጠን ክራሩን በዜማው መስመር ላይ እንሞክራለን። ባሕር ዳር ያላችሁ ማሲንቆ ተጫዋቾች ብትመጡልን ደስታችን ነው፤ ጊታርና ድምፅ ማጉያ እኛ ዘንድ አለ።