የንፋስ ማመንጫው አናታችን ላይ ቆሞ መብራት ለምን ይጠፋል?

ባለ ቶንዶሱ (አዳማ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ የወንዶች ፀጉር ቤት አለችኝ። ትናንት አንዱን ደንበኛ ግማሽ ጭንቅላቱን ጨርሼ መብራት ድርግም። ሰውዬው ኮፍያ ደፍቶ አርባ ደቂቃ ማኪያቶ ሲጠጣ ቆየ፣ ሂሳቡን ማን እንደከፈለ አትጠይቁኝ። ከሞጆ በመጣሁ ቁጥር ደግሞ እነዚያ ነጫጭ የንፋስ ማመንጫዎች ኮረብታው ላይ ሲሽከረከሩ አያለሁ። ታዲያ ለምንድነው የሚጠፋብን? ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ሶላር ላስገባ ብዬ ስጠይቅ ሻጩ «ሁሉንም ይችላል» አለኝ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ምጣዱንም?» አለች። ከዜሮ ጀምራችሁ አስረዱኝ፣ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ነው የተውኩት።

ሶላር ገጣሚ
ወንድሜ፣ ማመንጫው ካንተ ሱቅ ጋር ቀጥታ ሽቦ የለውም። አዳማ አንድ የሚባለው የንፋስ ጣቢያ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት ነው። ሁለቱም የሚያመነጩት ከግድቦቹ ኃይል ጋር አንድ ቋት ውስጥ ይገባና ለአገሩ ሁሉ ይከፋፈላል። ሰፈርህ ያለው ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ወይም ዛፍ ሽቦ ላይ ከወደቀ ኮረብታው ላይ የፈለገው ያህል ቢነፍስ አንተ ጨለማ ውስጥ ነህ። ችግሩ ማመንጨት ሳይሆን ማድረስ ነው።

ወደ ሶላሩ ስንመጣ፣ ሻጩን ተወውና ወረቀት ያዝ። የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በቀን በሚሠራበት ሰዓት አባዛ። ሁለት ቶንዶስ ባለ 15 ዋት ስድስት ሰዓት ቢሠሩ 180። አራት ባለ 9 ዋት አምፖል አምስት ሰዓት፣ እሱም 180። ቲቪ 50 ዋት ለስድስት ሰዓት 300። ስልክና ስፒከር 40 በል። 700 ዋት ሰዓት መጣ። አዳማ ላይ በቀን አምስት ሰዓት ያህል ጥሩ ፀሐይ ብንይዝ 140 ዋት ፓነል ይሆናል፣ ግን ሙቀቱም አቧራውም ኢንቨርተሩም (ኤሌክትሪኩን ለቤት ዕቃ ወደሚሆነው የሚቀይረው ዕቃ) ስለሚበሉብህ 200 ዋት ግዛ። ባትሪው ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ይበቃሃል፣ ምክንያቱም አብዛኛውን የምትሠራው ፀሐይ እያለ ነው። ባትሪው ጄል የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከግማሽ በታች አታውርደው፣ ቶሎ ይሞታል። ሊቲየም የሚባለው ዋጋው ቢወደድም ከግማሽ በታች ቢወርድም ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቲቪውን ብታጠፋ አትጎዳም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ባትሪ የሌለው፣ ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር እንዳይሸጡልህ። ያ ዓይነቱ መስመሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ሽቦ ላይ ያለ ሠራተኛ እንዳይመታ ሆን ተብሎ ነው እንዲያ የተሠራው።

ምጣድ? እርሳው። 3500 ዋት አካባቢ ነው፣ በአንድ ሰዓት የሱቅህን የአምስት ቀን ፍጆታ ይጨርሳል።

የሞጆዋ
ለምጣድ አይሁን እንጂ ለወጡና ለቡናው መላ አለ። እኛ ከብት ስላለን ጉድጓድ አስቆፍረን ባዮጋዝ ሠርተናል። እበቱን ከእኩል ውሃ ጋር በጥብጠን እንጨምራለን፣ አየር ስለማይገባው ውስጡ ሲብላላ ጋዝ ይወጣል፣ በቱቦ እስከ ምድጃው ይመጣል። እሳቱ ሰማያዊ ነው፣ ጭስ የለውም፣ ዓይኔ ዐረፈ። የሚተርፈውን ዝቃጭ ጎመኑ ላይ እናፈሰዋለን። ግን ወንድም ጋሼ፣ አራት ያህል ከብት ከሌለህና ውሃ በጀሪካን የምትገዛ ከሆነ አትጀምረው። ጎረቤቴ ሁለት ላም ይዛ ሞከረች፣ አሁን ጉድጓዱ ላይ ዶሮ ይተኛበታል።

ሌላ ተሳታፊ
በመሃል ልግባ። «አማራጭ ኃይል» የምንለው ነገር እኮ እኛ አገር ትንሽ ይምታታል። ፈረንጁ አማራጭ ሲል ለድንጋይ ከሰልና ለነዳጅ አማራጭ ማለቱ ነው። የኛ ኤሌክትሪክ ግን አብዛኛው ከውሃ ነው፣ የቆቃ ግድብ እንኳን ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ አጠገባችን ያመነጫል። ስለዚህ ለኛ አማራጭ ማለት ለዝናብ አማራጭ ነው። ንፋሱ የሚበረታው ደግሞ በበጋ፣ ግድቡ በሚጎድልበት ጊዜ መሆኑ ጥሩ ግጥምጥሞሽ ነው። የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ስለሚሆን እነዚያ ማማዎች ኮረብታ ላይ የተተከሉት ለውበት አይደለም። ከዝዋይ ወዲያ አሉቶ ላይ ደግሞ ከመሬት ሥር በሚወጣ እንፋሎት ተርባይን እንዲያዞር የተሠራ ጣቢያ አለ፣ እንፋሎቱ ዝናብም ንፋስም አይጠብቅም። እና ባለ ቶንዶሱ፣ ፍራንኮ ላይ የራስህን ፕሮፔለር ልትከል ብለህ እንዳታስብ። ሕንፃ መሃል ንፋሱ ይሰባበራል።

ባለ ቶንዶሱ (አዳማ)
ኧረ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ! ወረቀቱን ሞላሁት፣ የኔ 640 መጣ። ሻጩ ሊሰጠኝ የነበረው ባለ 80 ዋት ፓነል ነው፣ «ሁሉንም ይችላል» ብሎኝ! ለባለቤቴም የምጣዱን ነገር ነገርኳት፣ «ታዲያ ለኔ ምን አመጣልኝ» ብላ አኮረፈች። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው፣ ቤቱ ኪራይ ነው። ቆርቆሮው ላይ ልሰቅል ብል አከራዬ ምን ይለኛል?

ሶላር ገጣሚ
አስፈቅደህ ስቀል። በብሎን ነው የሚታሰረው፣ ስትለቅ ፈትተህ ይዘህ ትሄዳለህ። ፊቱን ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል አድርገው፣ በየሳምንቱ አቧራውን ጥረግለት። ብሎኑ የገባበትን ቀዳዳ ግን በሲሊኮን ድፈነው፣ አለበለዚያ ክረምት ላይ ሲያፈስ ከነወንበርህ ነው የሚያስወጣህ።