ንዴተኛው ሹፌር እኔ ነኝ እንዴ?

ጠያቂው፦
ሰላም ናችሁ? ራሴን ረጋ ያለ ሹፌር ነበር የምለው። ባለፈው ሐሙስ መገናኛ ላይ አንድ ሚኒባስ ያለ ፍሬቻ ቆርጦ ገባብኝ። ቤቴ ሲኤምሲ ነው። እኔ ግን ክላክስ እየነፋሁ፣ ረጅም መብራት እያበራሁ እስከ ገርጂ ተከተልኩት። ብደርስበት ምን ልለው እንደነበር እንጃ። መንገዴን መሳቴን ያወቅኩት ባለቤቴ «እዚሁ አውርደኝ፣ በታክሲ እሄዳለሁ» ስትለኝ ነው። «ሁሌም እንዲህ ነህ» ትለኛለች። እኔ አይመስለኝም። ሰው ይህን ነገር በራሱ ላይ በምን ያውቃል?

ባለ ቪትዙ፦
ወንድሜ፣ አታካብድ። አዲስ አበባ ላይ ካልተጋፋህ ማን ያሳልፍሃል? አደባባይ ላይ ቅድሚያ ስትሰጥ ይመሽብሃል።

የታክሲ ሹፌሩ፦
14 ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ። ያ የዘጋብህ እኔ ልሆን እችላለሁ፣ ይቅርታ። «ወራጅ አለ» ተብሎበት ይሆናል እንጂ አንተን አስቦም አያውቅም። ባለ ቪትዙ፣ መጋፋት ሌላ፣ ንዴት ሌላ። የሚጋፋ ሰው ካለፈ ይረሳዋል። የተናደደው ካለፈም በኋላ በመስታወት እያየ ይሳደባል። እኔ ራሴን የማውቀው በጋቢና ተሳፋሪ ነው። እሱ ጋ ፍሬን ያለ ይመስል ወለሉን ከረገጠ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ደግሞ በሰዓት 60 ስትነዳ በ1 ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ትሄዳለህ። ተለጥፈህ ከተከተልከው እግርህ ፍሬን ሳይነካ ገብተህበታል።

የሳሪሷ፦
የኔ ንዴት የሚጀምረው ቢሮ ነው። ከአለቃዬ ጋር ተጨቃጭቄ ስወጣ መንገድ ላይ ያገኘሁት ሁሉ ይከፍላል። አሁን ሞተር ሳላስነሳ ሁለት ደቂቃ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። የጥበቃው ሰው ግራ ቢገባውም ይሠራል። ጠዋት ደግሞ 15 ደቂቃ ቀደም ብዬ እወጣለሁ። ካረፈድኩ ቀይ መብራት ሁሉ ጠላቴ ነው። ዐቢይ ጾም ላይማ ከሰዓት በኋላ መኪናዬ አጠገብ ባትደርሱ ይሻላል።

ከቨርጂኒያ፦
እኔ እዚህ ኡበር እነዳለሁ። በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት በወንጀል ያስከስሳል። ሰውን ለማስፈራራት ብሎ ተለጥፎ መከተልም እንደዚሁ። ደግሞ የምትከተለው ሰው መኪናው ውስጥ መሣሪያ ይኑረው አይኑረው አታውቅም። እኔ የሚያናድደኝ ሲመጣ ቀኜን ይዤ አሳልፈዋለሁ፤ ፊቱንም አላየውም። አንተን የሚከተልህ ካለ ግን በፍጹም ወደ ቤትህ እንዳትሄድ። ሰው ወደሚበዛበት ወይም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ንዳ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። የጋቢናውን ነገር ዛሬ ሞከርኩት። ምንም ሳልነግራት ከሲኤምሲ እስከ ሃያ ሁለት የባለቤቴን እግር ቆጠርኩ። ስድስት ጊዜ ረገጠች። ስድስተኛው ላይ እንኳ እግሯን እያየሁ ልገጭ ነበር።

የታክሲ ሹፌሩ፦
ኧረ በማርያም፣ አንተ መንገዱን እይ! ቆጠራውን ለእሷ ተውላት።